ልጅ ሩዋንዳ በበጎ ፈቃድ፣ እናትና አባት ለጉብኝት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሩዋንዳ ውስጥ ሙሳንዜ በምትባል ከተማ አንድ ዓመት በበጎ ፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ወጣቶችን ኮምፒውተር ማስተማር ነበር። ሰባተኛው ወር ላይ እናቴና አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው 12 ቀን አብረውኝ ሰነበቱ። ከተመለስኩ ወዲህ "እኔም ልሄድ ነው፣ ቤተሰብም ሊመጣ ይችላል" የሚል ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። በየጊዜው የድምፅ መልእክት ከምልክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። የወርና የጾም ነገር ሲነሳ ግን የኛን አቆጣጠር እጠቀማለሁ።

በጎ ፈቃደኛ ለመሆን እኔ ነኝ የምከፍለው?

አይደለም። ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ለማመልከቻ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። እንዲያውም ለኑሮ የሚሆን አበል ይሰጣል። የአፍሪካ ኅብረትም ከ2010 ጀምሮ የራሱ የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ አለው። ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸውን አፍሪካውያን ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር ለ12 ወር ይመድባል። ኅብረቱ አፍንጫችን ሥር፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ዕድል የሚያውቀው ሰው ማነሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

"ይህን ያህል ዶላር ክፈሉና ሁለት ሳምንት ከሕፃናት ጋር ታሳልፋላችሁ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። ሩዋንዳ ከ2012 ወዲህ ማሳደጊያ ውስጥ ያሉ ልጆችን ወደ ቤተሰብ የመመለስ ሥራ ስትሠራ ቆይታለች። ፕሮግራሙ "ቱባሬሬሬ ሙ ሙርያንጎ" ይባላል፣ በቤተሰብ ውስጥ እናሳድጋቸው እንደማለት ነው። አገሩ እንዲህ እየለፋ፣ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ "አክስት" እየመጣች ፎቶ ተነስታ የምትሄድበትን ቤት በገንዘባችን ማቆየት ደግ ሥራ አይመስለኝም። የምትሰጡት ሙያ ይኑራችሁ፦ ነርስነት፣ ሒሳብ፣ ግብርና፣ ኮምፒውተር። የሚፈለገው እሱ ነው።

ቪዛ ያስፈልጋል?

ለወላጆች ቀላል ነው። በኖቬምበር 2023 ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ ማንኛውም አፍሪካዊ ያለ ቪዛ ሩዋንዳ መግባት እንደሚችል አውጀዋል። እናቴና አባቴ ኪጋሊ አየር ማረፊያ የደረሱት በፓስፖርትና በደርሶ መልስ ትኬት ብቻ ነው። አባዬ "እንዲሁ? በቃ?" እያለ ወደ ኋላ እየዞረ ነበር የወጣው። አንድ ሰው ከኋላ የሚጠራው መስሎት።

ለእናንተ ግን በእንግድነት መግባቱ ብቻ አይበቃም። ለወራት ተቀምጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለዚህም የተቀባዩ ድርጅት ደብዳቤ ይጠየቃል። "ግቢና እዚህ እንጨርሳለን" የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም፣ ሁለት ወር ተንከራተትኩ።

በየትኛው ወር ቢመጡ ይሻላል?

የኛ ክረምት የነሱ በጋ ነው። ሩዋንዳ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ደረቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ሲቀደድ ሙሳንዜ ላይ አቧራ ይነሳል። ታኅሣሥ መጨረሻና ጥርም ሻል ያለ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ዋናው ዝናብ ስለሆነ የጫካ መንገድ ይጨቀያል።

አሁን ማንም የጉዞ ወኪል የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። እናታችሁ ጿሚ ከሆኑ ቀኑን ከጾም ጋር አገናዝቡ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ ያሉት ሦስት ሳምንት ከምናምን ቀናት ወርቅ ናቸው፦ ደረቅ ነው፣ ከረቡዕና ዓርብ ሌላ ጾም የለም። የኔዎቹ የመጡት ሐምሌ 8 ነው፤ ቀኑን የመረጠችው እማዬ ነች።

አንድ ሌላ ቀን አስተውሉ። ከኤፕሪል 7 ጀምሮ፣ በኛ መጋቢት 29 ማለት ነው፣ የ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ ሳምንት ነው። ክዊቡካ ይሉታል። አገሩ ሐዘን ላይ ስለሆነ ዘፈንና ጭፈራ አይኖርም። መምጣት ይቻላል፣ ለመዝናናት ግን አይመጣም።

ሻንጣቸው ውስጥ ምን ይያዙ? ምንስ ይተዉ?

ፌስታል ይተዉ! ሩዋንዳ የፕላስቲክ ከረጢት ከከለከለች ከ2008 ጀምሮ ነው፣ ቀልድ አይደለም። አየር ማረፊያ ላይ ካገኙ ይወስዱታል። ይህን ለእማዬ ሦስት ጊዜ ነግሬያት ነበር። እሷ ግን ሽሮውን በፌስታል፣ በርበሬውን በፌስታል፣ ቆሎውን በፌስታል፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፌስታል ጠቅልላ መጣች። ሽሮና በርበሬው ለካ ከሥር ሌላ የጨርቅ ከረጢት ነበረው። ቆሎው ግን ኪጋሊ የገባው በአባዬ ባርኔጣ ውስጥ ነው።

የጨርቅ ከረጢት፣ ክዳን ያለው ዕቃ ወይም የወረቀት ከረጢት ተጠቀሙ። ቦሌ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ሲገዙ የሚሰጣቸውንም የፕላስቲክ ከረጢት አስቡበት።

ሹራብ የግድ ነው። ኪጋሊ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሞቅ ትላለች። የእሳተ ገሞራዎቹ አካባቢ ግን ማታ ማታ እንጦጦን ያስታውሳል።

ጤናቸውስ? ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ቢጫ ካርድ ይያዙ። የቢጫ ወባ ክትባቱን ቢያንስ ከበረራው 10 ቀን በፊት ይውሰዱ፣ ከዚያ በኋላ የተወሰደ አይቆጠርም። ሌላው ወባ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ወባን የሚያውቃት በስሟ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ግን ኪጋሊም ሆነ ምሥራቁ ላይ ወባ አለ። ስለመከላከያ መድኃኒት ሐኪማቸውን ቀደም ብለው ያማክሩ፣ አጎበርም ጠይቁ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ከቆይታቸው በላይ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ተጨማሪ ይያዙ፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ።

ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ "የሺህ ኮረብታዎች አገር" የሚባለው ቅጽል ለጌጥ እንዳልሆነ አስታውሱ። ሁሉ ነገር ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት።

ሥራ እያለኝ እንዴት አስጎበኛቸዋለሁ?

ፈቃዳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት። በጎ ፈቃደኛ ስለሆንኩ እንደፈለግኩ እወጣለሁ ማለት አይሠራም። እኔ አምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፣ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ጨመርኩበት። የቀሩትን ቀናት እነሱ ከኔ ጋር ኖሩ።

መጀመሪያ ላይ ይህ አሳፍሮኝ ነበር። ከአገር ወጥተው መጥተው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ እነሱ ቤት ሲቀመጡ። ለካ ያ ነው የሚፈልጉት። እማዬ በሁለተኛው ቀን የሠፈሩን ጉሊት አወቀችው። ድንችና ጎመን ከምትሸጠዋ ሴትዮ ጋር በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ፣ ተወዳጁ። አባዬ አንድ ጠዋት ክፍል ገብቶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠና አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ አየኝ። ተማሪዎቼ "ሙዜ" እያሉ ሲያከብሩት ደስ ብሎት ዋለ። ሙዜ ማለት አዛውንት፣ ጋሼ እንደማለት ነው። ማታ ለእኅቴ ሲደውል ያወራው ስለ እሳተ ገሞራው አልነበረም። "ልጂቱ ታስተምራለች፣ ዝም ብለው ነው የሚሰሟት" ነበር ያላት።

አደራ፣ መርሐ ግብሩን አታጭቁት። በ12 ቀን ሦስት ትልልቅ ጉዞ በቂ ነው።

ጎሪላ ማየት ይችላሉ? ዋጋውስ?

እውነቱን ልናገር፦ ውድ ነው። ከ2017 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚ ፈቃድ ለአንድ ሰው 1,500 ዶላር ነው። ለአፍሪካ ዜጎችና ሩዋንዳ ውስጥ ለሚኖሩ ቅናሽ አለ ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ ግን አንድም ብር አትክፈሉ። የሩዋንዳ ልማት ቦርድን ራሱን ጠይቁ፣ ወኪል የሚነግራችሁን ብቻ አትመኑ። አንድ ወኪል ሙሉውን ዋጋ ነግሮኝ ቅናሽ የሚባል ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ምሎልኛል።

ጉዞው የሚጀምረው ሙሳንዜ አጠገብ ኪኒጊ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በአንድ ቡድን ቢበዛ 8 ሰው፣ ከጎሪላዎቹ ጋር አንድ ሰዓት ብቻ። ከ15 ዓመት በታች አይፈቀድም። ጉንፋን የያዘው ሰውም አይገባም፣ በሽታችን ስለሚጋባባቸው። መንገዱ አንዳንዴ 40 ደቂቃ፣ አንዳንዴ አራት ሰዓት ዳገት ነው። ጠዋት ቡድን ሲመደብ "ወላጆቼ አረጋውያን ናቸው፣ ቅርብ ያለውን ስጡን" በሉ። ይረዱዋችኋል። ዕቃ የሚሸከምና እጅ የሚይዝ ሰውም ቅጠሩ፣ ለአካባቢው ወጣት ገቢ ነው።

እኛ አልሄድንም። አባዬ ዋጋውን ወደ ብር ሲመነዝረው ቃል ሳይናገር ሻዩን ጠጣ። በምትኩ ወርቃማ ጦጣ የሚባሉትን አየን። 100 ዶላር ነው፣ መንገዱም ከቀርከሃ ጫካ ብዙ አይርቅም። እማዬ ግን ይህንንም ጉልበቷን ፈርታ ቀረች። እሷን ኪኒጊ ወዳለው የዳያን ፎሲ ማዕከል ወሰድኳት፣ በ2022 የተከፈተ ነው። ፎሲ በ1967 ካሪሶኬ የሚባለውን የጎሪላ ምርምር ጣቢያ ያቋቋመችው፣ በ1985 እዚያው ተራራ ላይ የተገደለችው አሜሪካዊት ነች። እማዬ ታሪኳን ስነግራት ሰምታ ቆይታ "እናት አልነበራትም?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላ የት እንውሰዳቸው?

አካጌራ፣ በምሥራቅ በኩል፣ የዱር አራዊት ለማየት። ከጦርነቱ በኋላ አንበሳ ጠፍቶበት የነበረ ፓርክ ነው። በ2015 አንበሳ ከደቡብ አፍሪካ አመጡበት፣ በ2017 ደግሞ አውራሪስ። አባዬ "አንበሳማ ስድስት ኪሎም አይቻለሁ" ብሎ ነበር መኪና ውስጥ የገባው። ከ20 ሜትር ላይ አጥር የሌለው አንበሳ ሲያይ ግን መስኮቱን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፣ የቆላ ዝንብ ይስባል።

ኒያንዛ ያለው የንጉሡ ቤተ መንግሥት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለኔ ግን ከአካጌራ ይበልጣል። የድሮው የሣር ቤት እንደነበረው ተሠርቶ ቆሟል። ከኋላው ኢንያምቦ የሚባሉ ቀንዳቸው ክንድ ክንድ የሚያህል ላሞች አሉ። እረኞቹ ይዘፍኑላቸዋል። ላሞቹም ይሰማሉ! አባዬ ጎጃም ገጠር ነው ያደገው፣ ከብት ጠብቆ። እረኛው ሲያዜም እሱ ደግሞ ባማርኛ መለሰለት፣ የልጅነቱን የከብት እንጉርጉሮ። ሁለቱም ምን እንደተባባሉ አያውቁም። እኔ ቪዲዮ መቅረጽ እንኳ ረሳሁ።

ኪቩ ሐይቅ፣ በተለይ ካሮንጊ በኩል። ጀልባ፣ ደሴት፣ ጸጥታ። ከውኃው ሥር ሚቴን ጋዝ ታምቆ ይኖራል፣ ከ2016 ጀምሮ እዚያው ካሮንጊ ላይ ኤሌክትሪክ ያመነጩበታል። ሐይቁ ዳር ያለችው ሩባቩም ታምራለች፣ ግን ከድንበሩ ማዶ ጎማ የምትባለው የኮንጎ ከተማ ነች፣ የምሥራቅ ኮንጎ ጦርነት ያለባት። ከመሄዳችሁ በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ አጣሩ። ድንበር ማቋረጥን አታስቡት።

በነፃ የሚታይ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከሙሳንዜ ወጣ ብላችሁ ቡሬራና ሩሆንዶ የሚባሉትን መንታ ሐይቆች ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ እዩ።

የጭፍጨፋ መታሰቢያዎቹን ላሳያቸው?

ጠይቋቸው። አትወስኑላቸው። ኪጋሊ ጊሶዚ ያለው መታሰቢያ በ2004 የተከፈተ ነው። እዚያ ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች ተቀብረዋል። ኒያማታ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሰዎቹ ይተርፋሉ ብለው የተጠለሉበት። ዛሬ የሟቾቹ ልብስ ወንበሮቹ ላይ ተቀምጧል። ጊሶዚ፣ ኒያማታ፣ ሙራምቢና ቢሴሴሮ በ2023 የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

የወላጆቻችን ትውልድ ቀይ ሽብርን አይቷል። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ገብተው የማያውቁ፣ በበሩ ማለፍ የማይወዱ ስንት እናቶች አሉ። እማዬ አንዷ ነች፣ ወንድሟ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም (ይህኛው ዓመት የኛ ነው)። ጊሶዚ በር ድረስ መጣች፣ አትክልቱ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችን። የሟቾች ፎቶ የተሰቀለበት ክፍል እንዳለ ስነግራት "ፎቶ አላቸው?" አለች። የወንድሟ አንድም ፎቶ የለንም።

ኒያማታን የመጀመሪያው አታድርጉት። ከመታሰቢያ በኋላም የዚያን ቀን ሌላ ፕሮግራም አትያዙ።

ከሰዎች ጋር ሲያወሩ ምን መጠንቀቅ አለባቸው?

ይህኛው መልስ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሩዋንዳ ስትደርሱ ብዙ ሰው በኪኒያርዋንዳ ያናግራችኋል፣ ሩዋንዳዊ መስላችሁት። ወላጆቻችሁ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ወላጆቻችሁ የሚሉት ግን የታወቀ ነው፦ "መልካችሁ የኛ ነው እኮ፣ ድሮ ከኛ አገር የመጣችሁ ናችሁ አይደል?" አባዬ በመጀመሪያው ቀን ከታክሲ ሹፌሩ ጋር ወሬ ጀምሮ ልክ ወደዚህ ሲያመራ ክንዱን ያዝኩት።

ለምን መሰላችሁ? ቅኝ ገዢዎቹ "ቱትሲዎች ከሰሜን፣ ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ሌላ ዘር ናቸው" የሚል ተረት ፈጠሩ። ቤልጂጎች በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ ብለው ጻፉበት። ተረቱ ሥር ሰደደ። በኖቬምበር 1992 ሊዮን ሙጌሴራ የሚባል ፖለቲከኛ ካባያ ላይ ተነስቶ፣ ቱትሲዎች አገራቸው ኢትዮጵያ እንደሆነና በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል በአቋራጭ እንደሚላኩ ተናገረ። ወንዙ አካጌራ ወደሚባል ሌላ ወንዝ ገብቶ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደርሶ፣ በነጭ ዓባይ ወደ ሰሜን ይሄዳል። "ወደ ኢትዮጵያ መላክ" ማለት ሬሳን ወንዝ ውስጥ መጣል ማለት ነበር። በ1994 በእርግጥም ጣሉ። ሬሳው ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ ደረሰ። ሙጌሴራን ካናዳ በ2012 አሳልፋ ሰጠችው፣ በ2016 ኪጋሊ ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

እንግዲህ እኛ በፍቅር "ከኛ ነው የመጣችሁት" ስንል፣ የሚሰማው ሰው ምን ሊያስታውስ እንደሚችል አስቡት። የአገራችን ስም የሞት ማዘዣ ሆኖ የተነገረበት አገር ነው። ከኪጋሊ ወደ ኒያንዛ ስንሄድ መኪናችን በድልድይ ያንን ወንዝ ተሻገረ። ቡናማ ነው፣ እንደ ዓባይ በክረምት። ለአባዬ ታሪኩን የነገርኩት እዚያ ላይ ነው። ኒያንዛ እስክንደርስ አልተናገረም።

እናም፦ ብሔራችሁ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ የለም። ሁቱ ነህ ቱትሲ የሚባል ጥያቄ የለም። መታወቂያቸው ላይም ዛሬ የለም። እኛ አገር ስም ሰምቶ አገር ቤቱን መገመት እንደ ጨዋታ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር። እዚያ ይህን ልማድ ቦሌ ላይ ጥለው ይምጡ።

የሚወራ ነገር ካጡ አንድ ልስጣችሁ። በ1994 ነሐሴ የፈረንሳይ ጦር ከደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ ሲወጣ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሆኖ የተተካው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበር፣ ቻንጉጉ አካባቢ። ዛሬ ሩሲዚ ይባላል። አባዬ ይህን ከሰማ በኋላ ለሹፌሮች ሁሉ ይህን ብቻ ሆነ የሚያወራው።

ምን ይበላሉ? ጿሚ ናቸው።

አይራቡም። ባቄላ፣ ማቶኬ (የሚቀቀል ሙዝ)፣ ድንች፣ ሩዝና ጎመን በየምሳ ቤቱ አለ። ኢሶምቤ የሚባለው የካሳቫ ቅጠል ወጥ ግሩም ነው፣ ግን አንዳንዱ ሥጋ ወይም ቅቤ ስለሚጨምርበት ጠይቁ። ኪቩ ላይ ሳምባዛ የምትባል ጣት የምታክል ዓሣ ጠብሰው ያቀርባሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከናንተና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት፣ እኔ አልገባበትም።

ለፍስክ ቀን ኢኪቩጉቶ ስጧቸው፣ እርጎ ነው። ኪጋሊ ውስጥ ወተት ብቻ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። አባዬ ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ጠጥቶ "ይሄ አገር ነው" አለ። እንጀራ የሚያቀርቡ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ኪጋሊ ላይ አሉ።

ገንዘብ እንዴት ይያዙ?

ዶላራቸው አዲስና ንጹሕ ይሁን፣ የቆየ ወይም የተጨማደደ ኖት አይቀበሉም ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ይመነዝራሉ። እናንተ ስልካችሁ ላይ ሞሞ ይኑራችሁ። እንደ ቴሌብር ያለ ነገር ነው፣ ከሞተር ታክሲ እስከ ጉሊት በሱ ይከፈላል። ወላጆቻችሁ እናንተን ይክፈሉ፣ እናንተ በሞሞ ክፈሉ። በእርግጥ አይከፍሏችሁም፣ ግን ይጠይቃሉ።

በምን ይንቀሳቀሱ?

በከተማ ታክሲ፣ በረጅም መንገድ አውቶቡስ ወይም ከሹፌር ጋር የተከራየ መኪና። አውቶቡሶቹ ወንበር ሞልቶ እስኪትረፈረፍ አይጠብቁም፣ በሰዓታቸው ይነሳሉ። ከኪጋሊ ሙሳንዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሎሚ ያዙ። ሞተር ታክሲ ላይ ወላጅ አታስቀምጡ። ሄልሜት ይሰጣሉ፣ ሥርዓት አላቸው፣ ግን ነጠላና ሞተር አይስማሙም።

በየወሩ የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ኡሙጋንዳ ነው። ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት አገሩ በሙሉ መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ትራንስፖርት ይቆማል። በዚያ ጠዋት ጉዞ አትያዙ። ከሠፈሩ ጋር ውጡ ይልቅ። እማዬ ደቦ ነው ብላ ገብቷት መጥረጊያ ይዛ ነው የወጣችው።

ቋንቋና ሰዓቱ አያደናግራቸውም?

ሰዓቱ ከኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ደስ የሚለው ግን አቆጣጠሩ ነው። በኪኒያርዋንዳም ጠዋት አንድ ሰዓት "ሳ ሞያ" ነው፣ አንድ ማለት። እንደኛው ከንጋት ይጀምራሉ። እማዬ ይህን ስታውቅ "በየአገሩ የሚያጣምሙት ፈረንጆች ናቸው" አለች።

አራት ቃል ይበቃቸዋል፦ ሙራሆ (ጤና ይስጥልኝ)፣ ሙራኮዜ (አመሰግናለሁ)፣ ዬጎ (አዎ)፣ ኦያ (አይ)።

ለመሥሪያ ቤቴና ለጎረቤቶቼ ምን ይዘው ይምጡ?

ቡና አይሉም? እነሱም ጥሩ ቡና አላቸው፣ ግን አብዛኛውን ለውጭ ይሸጡታል፣ ቤት ውስጥ የሚጠጣው በብዛት ሻይ ነው። ስለዚህ ጀበና ቢመጣ ትርጉም አለው። በልብስ ተጠቅልሎ፣ በእጅ ቦርሳ። እማዬ ጀበናዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ከቦሌ ኪጋሊ የመጣችው።

የመጨረሻው እሑድ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ቆላች። ጭሱን አይተው የጎረቤት ልጆች መጡ፣ ከዚያ እናቶቻቸው፣ ከዚያ የጉሊቷ ሴትዮ። ሲኒው ስድስት ነበር፣ ሰው አሥራ አራት። በብርጭቆ ተጠጣ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ምን እንደሆነ ለማስረዳት የኔ ኪኒያርዋንዳ አልበቃም። ጀበናው እዚያው ቀረ፣ ጉሊቷ ሴትዮ ቤት። አሁን እማዬ በሳምንት አንዴ ስልክ አስደውላኝ "ጀበናው ተሰበረ ወይ ብለሽ ጠይቂያት" ትለኛለች።